በ40 ሺህ ብር፣ ትከሻ የማይሰብር ላፕቶፕ

ጥያቄ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ኮምቦልቻ የምኖር የኅብረት ሥራ ማኅበራት ኦዲተር ነኝ። የወሩን አብዛኛውን ቀን የማሳልፈው መንገድ ላይ ነው፤ ሐይቅ፣ ቢስቲማ፣ ኩታበር፣ አንዳንዴም አቀስታ ድረስ እሄዳለሁ። የያዝኩት ላፕቶፕ ባለ 15.6 ኢንች ነው፤ ከነቻርጀሩ ሦስት ኪሎ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ባትሪውም መብራት በሄደ በሩብ ሰዓት ውስጥ ይሞታል። ሥራዬ ኤክሴልና ወርድ ነው፤ አልፎ አልፎ ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም እከፍታለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ኢሜይልና ቪዲዮ። ያጠራቀምኩት 40 ሺህ ብር አለ። ደሴ አንድ ሱቅ ውስጥ ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ ቀጭንና አዲስ ላፕቶፕ ከዚህ ባነሰ ዋጋ አይቼ ልቤ ሸፍቷል። የባለቤቴ ወንድም ግን «ኮር አይ ሰቨን ካልሆነ እንዳትገዢ» ብሎ ያገለገለ የጌም ላፕቶፕ ሊያስገዛኝ ነው። ዱባይ ያለችው እህቴ ደግሞ «ታገሺ፣ እኔ እልክልሻለሁ» ትላለች። የማንን ልስማ?

ትከሻዬ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ

እህቴ፣ አብሽሪ፤ ገንዘብሽ ይበቃል። ግን ልብሽንም፣ የባለቤትሽን ወንድምም፣ እህትሽንም አትስሚ። መፈለግ ያለብሽ የውጭ አገር ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው ገዝተው፣ ጥቂት ዓመት ከሠሩበት በኋላ በአዲስ ሲተኩት የሚሸጡትን ባለ 14 ኢንች የቢሮ ላፕቶፕ ነው። ስማቸውን ያዢልኝ፦ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480፣ ዴል ላቲቲውድ 7490፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5። ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ2018 ገበያ የገቡ ናቸው። እንደ ባትሪያቸው መጠን ከ1.4 እስከ 1.8 ኪሎ ቢመዝኑ ነው። ከእነሱ በኋላ የወጡት ታናናሾቻቸው በገንዘብሽ ከተገኙ ደግሞ እሰየው። ምክንያቱን ከመዘርዘሬ በፊት ግን ልብሽ የሸፈተበትን አዲሱን ዕቃ እንይ፤ አለዚያ ሱቁ ደጃፍ ስትደርሺ ምክሬን ትረሺዋለሽ።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አልላክሽልኝም። ቢሆንም በዚያ ዋጋ አዲስ ሆኖ የሚሸጥ ቀጭን ላፕቶፕ ውስጡ ምን እንደሚይዝ መገመት አይከብድም። አብዛኛውን ጊዜ ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የላፕቶፑ አንጎል፣ ሴለሮን የሚባለው ደካማው ዓይነት ነው፤ ራሙ፣ ማለትም የተከፈተውን ሥራ የሚይዝበት ቦታ፣ 4 ጊጋባይት፤ ማከማቻው ደግሞ ኢኤምኤምሲ የሚባለው፣ በርካሽ ስልኮች ውስጥ ከምናውቀው ጋር የሚመሳሰል 64 ጊጋባይት ቺፕ። 4 ጊጋባይት ማለት ዊንዶውስ 11 ለመጫን የሚጠይቀው የመጨረሻው ዝቅተኛ መጠን ነው። ሻጩ ከፍቶ ሲያሳይሽ ፈጣን ይመስላል፤ ባዶ ስለሆነ ነው። የአንድ ማኅበር የሁለት ዓመት ሒሳብ በኤክሴል ጎን ለጎን ከፍተሽ፣ ኢሜይልሽንና ሁለት ሦስት የብራውዘር ገጽ ስትጨምሪበት ግን የማውሱ ቀስት እንኳ ካለበት መነቃነቅ ያቅተዋል። ማከማቻውም ዊንዶውስና ማሻሻያዎቹ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ለአንቺ የሚተርፍሽ ጥቂት ነው፤ ብዙም ሳትቆዪ «ቦታ የለም» የሚል መልእክት ይመጣብሻል። ከሁሉ የሚያናድደው ራሙም ማከማቻውም ቦርዱ ላይ የተበየዱ መሆናቸው ነው። ደሴ ውስጥ ያለ ጎበዝ ባለሙያ ሁሉ ቢሰበሰብ ሊጨምርልሽ አይችልም።

ሻጩ ዋሽቷል ማለቴ አይደለም። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ እንዴት እንደተሰቀለ አንቺም ኦዲት ስታደርጊ ታዪዋለሽ። አዲስ፣ ቀጭንና ጠንካራ የሆነ ላፕቶፕ በ40 ሺህ ብር የሚሸጥበት ዘመን አልፏል፤ ስለዚህ በዚያ ዋጋ አዲስ ሆኖ የቀረበ ዕቃ አንድ ነገር ተቀንሶለታል፤ የተቀነሰው ደግሞ በዓይን ከማይታየው ከውስጡ ነው። «አይ፣ ሌላ ሰው የነካው ዕቃ አይሆንልኝም» ካልሽ ቢያንስ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ኤን100 የሚል፣ ራሙ 8 ጊጋባይት፣ ማከማቻው እውነተኛ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ማከማቻ) የሆነ ፈልጊ። ኤን100 እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ነው፤ ኤሌክትሪክ የሚበላው ጥቂት ነው፤ ለቀላል ሥራም አያሳፍርም። ነገር ግን ስማቸው ተሰምቶ የማይታወቅ ፋብሪካዎች የሚያወጧቸው ብዙዎቹ ላፕቶፖች ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ባትሪና ኪቦርድ ቢፈለግላቸው አይገኝም። የቲንክፓድ ኪቦርድ ግን ዛሬም እየተገዛ ይቀየራል። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ያገለገለውን እመርጣለሁ።

የባለቤትሽ ወንድም በቅን ልቦና እንደመከረሽ አልጠራጠርም፤ ብቻ የመከረሽ ለራሱ ነው። የጌም ላፕቶፕ ራሱን ችሎ ከ2 ኪሎ በላይ ነው፤ ቻርጀሩ ጡብ ያህላል፤ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። አሁን ከምትሸከሚው በምን ተለየ? «አይ ሰቨን» የሚለው የፕሮሰሰር ስም ደግሞ ለብቻው ምንም አይነግርሽም። የሚነግርሽ ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። አይ ፋይቭ 8250 የሚል ካየሽ የመጀመሪያዋ 8 ስምንተኛ ትውልድ ማለት ናት፤ 1035 የሚል ከሆነ 10 ብለሽ አንብቢው። ከስምንተኛው ትውልድ በፊት በቀጫጭን ላፕቶፖች ውስጥ የነበሩት አይ ሰቨኖች አብዛኞቹ ባለ ሁለት ኮር (ሥራውን የሚካፈሉ ሁለት ክፍሎች ያሏቸው) ነበሩ፤ ስምንተኛው ትውልድ ሲመጣ አይ ፋይቩ ጭምር ባለ አራት ኮር ሆነ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. የ2018 አይ ፋይቭ የ2013ን የቀጭን ላፕቶፕ አይ ሰቨን ያስከነዳዋል። ሻጮች ይህን ስለሚያውቁ ተለጣፊው ላይ «አይ ሰቨን» የሚለውን ያሳዩሻል እንጂ ቁጥሩን አይጠሩልሽም።

ስምንተኛውን ትውልድ እንደ ድንበር የምቆጥረው ለፍጥነቱ ብቻም አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ያለውን ነው። ገበያው ውስጥ የስድስተኛና የሰባተኛ ትውልድ ላፕቶፖች ዊንዶውስ 11 በጉልበት ተጭኖባቸው ይሸጣሉ፤ ይሠራሉም። ሆኖም ማይክሮሶፍት ለእነሱ ማሻሻያ ለመስጠት ቃል አልገባም። በየወረዳው የሰው ፍላሽ ስትቀበይ ለምትውዪው ለአንቺ፣ የደኅንነት ማሻሻያ የማይደርሰው ማሽን አይመከርም። የፍላሽ ቫይረስ ፋይሉን ሁሉ ወደ «ሾርትከት» ቀይሮ እንደሚያሳይ ሳታውቂው አትቀሪም።

የቀረው ዝርዝር አጭር ነው። ራም ቢያንስ 8 ጊጋባይት፤ ቲ480ም ሆነ 7490 ወይም 840 ጂ5 ራማቸው ስለሚቀየር ወደፊት 16 ማድረግ ትችያለሽ። ማከማቻው 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ይሁን። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለበትን ግን በነፃ ቢሰጡሽ አትቀበዪ፤ ከኮምቦልቻ ደሴ ያለውን ዳገት በሚኒባስ እየተንገጫገጨ የሚወጣ ዕቃ ውስጡ የሚዞር ነገር ባይኖረው ይሻላል። ማክቡክ ኤር ቀላል ነው፣ ባትሪውም ያስቀናል፤ ፒችትሪ ግን የዊንዶውስ ፕሮግራም ስለሆነ ለአንቺ አይሆንም። በዚሁ ምክንያት «ክሮምቡክ» የሚል የተጻፈባቸውን፣ ከውጭ ትምህርት ቤቶች የሚመጡ ርካሽ ትናንሽ ላፕቶፖችም እለፊያቸው።

ስለ ስክሪኑ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ሁሉ የሚዘነጋው እሱን ነው። እንዲህ ያሉ የቢሮ ላፕቶፖች ፋብሪካ ሲታዘዙ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ዓይነት ስክሪን አንዱ ይገጠምላቸው ነበር። ርካሹ 1366 በ768 ነጥብ ነው፤ ደብዛዛ፣ ከጎን ሲያዩት የሚጠቁር። ሌላው 1920 በ1080 ነው። ከውጭ ሲታዩ አይለዩም፤ ዋጋቸውም ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ለኤክሴል ሠራተኛ ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው፤ በርካሹ ላይ ከጥር እስከ ሰኔ የሚታይሽ ሒሳብ በሌላው ላይ እስከ ነሐሴ ድረስ ሳትገፊው ይታይሻል። ሱቅ ውስጥ የራስሽን ፋይል በፍላሽ ይዘሽ ሄደሽ ክፈቺው። ትልቁን፣ ዓምዱ የበዛውን ፋይል ምረጪ። 12.5 ኢንች የሆኑ፣ ከ1.2 ኪሎ በታች የሚመዝኑ ቆንጆ ላፕቶፖችም አሉ፤ ለምሳሌ ቲንክፓድ ኤክስ280። ክብደቱ ያጓጓል፤ ሆኖም ቀኑን ሙሉ ቁጥር ለሚያነብ ዓይን ጠባብ ነው፤ ራሙም ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ 4 ጊጋባይት ይዞ የመጣው ዕድሜ ልኩን እዚያው ይቀራል።

አሁን ወደ ሱቁ እንግባ። ያገለገለ ላፕቶፕ መግዛት አያስፈራም፤ የሚያስፈራው ቸኩሎ መግዛት ነው። ጠዋት ሂጂ፤ መብራት ባለበት ሰዓት፤ ልጅ ሳታስከትዪ። ሻጩ ከተጣደፈብሽ ወይም «ኦሪጅናል ነው፣ ምን ያስፈትሻል» ካለሽ አመስግነሽ ውጪ፤ ደሴ የሱቅ ድሀ አይደለችም።

መጀመሪያ ተዘግቶ እንዳለ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪና ማዕዘኖቹን በየተራ በጣትሽ ጫን በይ። ከተወዛወዘ፣ ወይም ከፍተሽ ስታዪው የማውሱ ሰሌዳ ከመሀል ከፍ ካለ፣ ባትሪው አብጧል፤ ዋጋውን መጠየቅ እንኳ አያስፈልግሽም። ቀጥለሽ ክዳኑን በአንድ እጅ ከመሀሉ ይዘሽ ክፈቺ። ማጠፊያው ጠበቅ ብሎ እኩል መከፈት አለበት፤ ሲከፈት ጥግ ላይ ፕላስቲኩ የሚላቀቅ ከሆነ በጥቂት ወራት ውስጥ የስክሪኑን ገመድ ይዞት ይሄዳል። የመጻፊያ ገጽ ከፍተሽ እያንዳንዱን ቁልፍ ተጫኚ፤ ከአውሮፓ የመጡት አንዳንዶቹ የፈረንሳይ ወይም የጀርመን ኪቦርድ ስላላቸው ፊደሎቹ ከለመድሽው ቦታ ተዛውረው ታገኛቸዋለሽ። የዓረብኛ ፊደል ከጎን የታተመበት ግን አቀማመጡ ስለማይለወጥ ምንም አይልም። ከዚያ ስክሪኑን ሙሉ ነጭ አድርጊና የሞተ ነጥብ ወይም ቢጫ ጥላ እንዳለ እዪ። ካሜራውን፣ ድምፁን፣ ማይኩን፣ ዋይፋዩን፣ የፍላሽ ቀዳዳዎቹን ሁሉ ሞክሪ።

ባትሪው ላይ ጊዜ አታባክኚ የሚል ሻጭ ያጋጥምሻል። አንቺ ግን አባክኚ። «የባትሪ ሪፖርት አውጣልኝ» በዪው፤ ዊንዶውስ ራሱ በአንዲት ትእዛዝ የሚያወጣው ገጽ ነው። እዚያ ላይ ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ መያዝ ይችል የነበረው መጠንና አሁን ሲሞላ የሚይዘው መጠን አንዱ ከሌላው በታች ተጽፈው ታያቸዋለሽ። ለምሳሌ ከፋብሪካ ሲወጣ 60,000 የነበረው አሁን 45,000 ከሆነ ሩቡ አልቋል፤ ይህ ላገለገለ ዕቃ የተከበረ ባትሪ ነው። ከ70 በመቶ ከወረደ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ይቀነስልኝ ብለሽ ተከራከሪ። ሪፖርቱን ብቻ አትመኚ። ቻርጀሩን ነቅለሽ፣ ብርሃኑን ግማሽ አድርገሽ፣ ቪዲዮ ክፈቺና ሌላ ሌላውን ስትፈትሺ 20 ደቂቃ ይሂድ። ከ100 ወደ 90 ከወረደ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ገደማ ይሠራል ማለት ነው። ወደ 75 ከወረደ ግን አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ቲ480ን የማስቀድመው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለት ባትሪ አለው፤ አንዱ ውስጥ፣ ሌላው ከኋላ ተነቃይ። ላፕቶፑ ሳይጠፋ የኋላውን አውጥተሽ ሌላ ትሰኪያለሽ። ጠዋት መብራት ሄዶ ማታ በሚመጣበት ወረዳ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሪፖርቱ ላይ ሁለቱ ለየብቻ ስለሚወጡ ሁለቱንም እዪ።

ከነዚህ እ.ኤ.አ. የ2018 ቲንክፓዶች ጋር አንድ የታወቀ ችግር አለ። ተንደርቦልት የሚባለው ክፍላቸው ሶፍትዌሩ ሳይታደስ ከቆየ የታይፕ ሲ ቀዳዳው ቻርጅ ማድረግ ሊያቆም ይችላል፤ ሌኖቮ ራሱ ማስተካከያ አውጥቶለታል። ስለዚህ ሁለቱንም የታይፕ ሲ ቀዳዳዎች በቻርጀር ሞክሪያቸው፤ ማስተካከያውን ደግሞ በገዛሽበት ሳምንት ጫኚ።

የድርጅት ዕቃ ሌላም ጣጣ አለው። አንዳንዱ ላፕቶፕ ከቀድሞ ባለቤቱ መዝገብ ሳይሰረዝ ይሸጣል። ሱቅ ውስጥ ደህና ይሠራል፤ አንድ ቀን ዊንዶውሱን እንደገና ስትጭኚ የማታውቂው ኩባንያ ስም ይመጣና የሠራተኛውን ኢሜይል ይጠይቅሻል። በዚያን ጊዜ ሻጩን ማን ያገኘዋል? መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ከመክፈልሽ በፊት ዊንዶውሱ ከባዶ ተጭኖ፣ ከስልክሽ ኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ እንዲነሳ ጠይቂ። አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ ቡና ጠጥተሽ ተመለሺ። ሲነሳ ደግሞ ቲንክፓድ ከሆነ ኤፍ1፣ ዴል ከሆነ ኤፍ2፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ10 ተጭነሽ ወደ ውስጥ ማስተካከያው ግቢ፤ የይለፍ ቃል ከጠየቀሽ ዕቃው ቁልፍ አለበት፤ ተይው። በዚሁ አጋጣሚ፣ እነዚህ ላፕቶፖች አብዛኛውን ጊዜ የዊንዶውስ ፈቃዳቸው ከፋብሪካ ቦርዳቸው ውስጥ ተቀምጦ ይመጣል፤ ሻጩ «ዊንዶውሱን እኔ አክቲቬት አደርግልሻለሁ» ብሎ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ፕሮግራም እንዳይጭንብሽ።

ወደ ክብደቱ ስንመጣ፣ መመዘን ያለበት ከነቻርጀሩ ነው። ብዙ ሰው 1.4 ኪሎ ብሎ ገዝቶ የግማሽ ኪሎ ቻርጀር ተሸክሞ ይሄዳል። አትፈሪ፣ ከጎን ያለው ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ሚዛን ላይ ሁለቱንም አብረሽ አስቀምጪያቸው። ከ2 ኪሎ በታች ከሆነ ትከሻሽ ይመሰክርልሻል።

እህትሽም እዚህ ላይ ትጠቅመናለች። ላፕቶፑን እንድትልክልሽ የማልወደው እሷን ሳላምን ቀርቼ አይደለም። ማጠፊያውን አንቺ አትነኪውም፤ ባትሪውን አንቺ አትፈትሺውም፤ አንድ ነገር ከሆነ የሸጠው ሰው ባሕር ማዶ ነው። ከእሷ ሁለት ትናንሽ ነገሮችን ጠይቂ፤ እዚህ ፎርጂዱ ከኦሪጅናሉ የማይለይባቸውን። አንደኛው 65 ዋት የሆነ ትንሽ የታይፕ ሲ ቻርጀር ነው፤ ላፕቶፕሽንም ስልክሽንም ስለሚሞላ ሌላውን ሁሉ ቤት ትተሽ ትሄጃለሽ። ሁለተኛው ፓወር ባንክ ነው፤ ግን ላፕቶፕ የሚሞላ። ሳጥኑ ላይ 22.5 ዋት የሚሉት ለስልክ ናቸው፤ 45 ወይም 65 ዋት በታይፕ ሲ የሚያወጣ መሆን አለበት። 20 ሺህ ሚሊአምፔር የሚለው በዋት-ሰዓት ሲሰላ 74 ገደማ ነው፤ በመሙላት ላይ የሚባክነው ሲቀነስ ላፕቶፕሽን አንዴ ገደማ ይሞላል። አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያሳልፉት እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለውን ነው፤ ያውም በእጅ ሻንጣ እንጂ ከታች በሚጫነው ሻንጣ አይደለም። መንገደኛ ስትልክብሽ ይህን ትንገረው፤ አለዚያ ኤርፖርት ላይ ይወረስበታል።

ከዱባይ የሚመጣ ዕቃ ሶኬቱ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር የእንግሊዝ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ማስማሚያ እየሰካሽ አትቸገሪ፤ እነዚያ ርካሽ ማስማሚያዎች ይላላሉ፣ ይሞቃሉ፣ ይቃጠላሉ። ሁለት ክፍል የሆነ የላፕቶፕ ቻርጀር ከሆነ ከሳጥኑ እስከ ግድግዳው ያለው ገመድ ተነቃይ ስለሆነ፣ ባለ ሁለት ክብ እግር ገመድ በትንሽ ገንዘብ ገዝተሽ ቀይሪው። አንድ ወጥ ከሆነ ግን ከመጀመሪያው ባለ ክብ እግር እንድትመርጥ ንገሪያት። ቻርጀሮቹ ራሳቸው ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ የእኛ 220 አያሳስባቸውም። የሚያሳስባቸው መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚገባው ግፊት ነው፤ መብራት ሲሄድ ንቀዪው፤ ከመጣ በኋላም ጥቂት ደቂቃ ታገሺው።

ጽሑፍን በተመለከተ፣ አማርኛ ለመጻፍ ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ኪቦርድም ሆነ በነፃ የሚገኘው ኪማን ይበቃሻል። በቆዩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ የማኅበራት ቃለ ጉባኤዎች ግን አዲሱ ላፕቶፕ ላይ ዶሮ የጫረው መስለው ቢከፈቱ አትደንግጪ፤ ፎንቱ ስለሌለ ነው። አሮጌውን ላፕቶፕ ሳትሰናበቺ በፊት በፒዲኤፍ አስቀምጪያቸው። ፋይሎችሽን ኢንተርኔት ላይ አስቀምጪ የሚሉሽም ይኖራሉ፤ ኮምቦልቻ ስትሆኚ መልካም ነው፤ ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው። የዓመቱን ሥራ ላፕቶፑ ውስጥም ሌላ ፍላሽ ላይም ያዢ፤ ፍላሹንም ከላፕቶፑ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ አታድርጊው።

ስለ መንገዱ ከእኔ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ሆኖም ልጨምር። ረዳቱ ምንም ቢለምንሽ ላፕቶፕ ከመኪና ጣራ ላይ አይጫንም። ለሦስት ሰው በተሠራ መቀመጫ አራተኛው ሲጨመር ቦርሳሽን በሰውና በሰው መካከል አታጣብቂው፤ ብዙ ስክሪን የሚሰነጠቀው ወድቆ ሳይሆን ተጨፍልቆ ነው። ጭንሽ ላይ አቁመሽ ያዢው፤ ክዳኑ ወደ አንቺ ይዙር፤ የቻርጀሩ ሶኬት ከክዳኑ ጋር በአንድ ኪስ አይቀመጥ። ከመነሳትሽ በፊት ደግሞ ክዳኑን ዘግተሽ ብቻ ቦርሳ ውስጥ አትክተቺው፤ ሙሉ በሙሉ አጥፊው። እንቅልፍ ላይ ያለ ዊንዶውስ ቦርሳ ውስጥ ራሱን ቀስቅሶ ሲሠራ ይውልና ኩታበር ስትደርሺ ትኩስ ላፕቶፕና ባዶ ባትሪ ታወጫለሽ።

የት ልግዛ ብለሽ ባትጠይቂም እመልሳለሁ፦ ደሴ ግዢ። አዲስ አበባ ጥቂት ሺህ ብር ሊቀንስ ይችላል፤ ምርጫውም ሰፊ ነው። ግን በሳምንቱ ኪቦርዱ እምቢ ቢል 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘሽ ልትከራከሪ ነው? ደሴ ከደጅሽ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ከሥራ መልስ ትደርሺባታለሽ፤ ሻጩም ነገ እንደምትመለሺ ስለሚያውቅ ቃሉን ይጠብቃል። ገንዘብሽን በሙሉ ላፕቶፑ ላይ አታውዪው፤ ለወፈር ያለ ቦርሳና ምናልባትም ለባትሪ የሚሆን ከአራት እስከ አምስት ሺህ ብር አስቀሪ።

ደረሰኝ ስትቀበዪ «ላፕቶፕ 1» ተብሎ የተጻፈውን አትቀበዪ፤ አንቺ ራስሽ እንዲህ ያለ ደረሰኝ ከማኅበር ገንዘብ ያዥ አትቀበዪም። ሞዴሉ፣ የፕሮሰሰሩ ቁጥር፣ ራሙ፣ ማከማቻው፣ ከሥሩ የተለጠፈው ሲሪያል ቁጥርና የዋስትናው ቀን ይጻፍ፤ ዋስትናው ባትሪንና ማጠፊያን ይጨምር አይጨምር በግልጽ ይቀመጥ። አንድ ወር ከሰጠሽ በዚያ ወር ውስጥ አዘውትረሽ ሥሪበት እንጂ ለበዓል እንደሚለበስ ልብስ አታስቀምጪው፤ ጉድለት ካለው የሚወጣው ያን ጊዜ ነው።

አሮጌውን ግን የያዝሽው ኦዲት ተዘግቶ ሪፖርቱ እስኪፈረም ድረስ አትሽጪው። የፒችትሪውን ዳታ ባክአፕ አድርገሽ አዲሱ ላይ መልሰሽ ከፍተሽ፣ የመጨረሻው ሚዛን ከአሮጌው ጋር አንድ መሆኑን ካየሽ በኋላ ብቻ ነው የሚሸጠው። ስትሸጪውም ሃርድ ዲስኩን አስወጥተሽ አስቀሪ፤ የአባላት ስምና ቁጠባ ያለበትን ዲስክ ለማታውቂው ሰው አሳልፈሽ መስጠት አይገባም።